የሕዝቅያስ ሆትስፖት

እመኑኝ፣ ይህ የሆነ ነገር ነው። ጨለማም አልነበረም... ከቀኑ ሰባት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እዚሁ ሰበታ። ተስፋነሽ እያለቀሰች የነገረችኝን ነው የምነግራችሁ።

2009፣ መስከረም ማለቂያ። ረብሻው ከፋብሪካዎቹ ደጅ ደርሷል። መንገዱ በድንጋይ ተዘግቷል፤ የስልክ ኔትወርክ ተቋርጧል።

ባሏ ሕዝቅያስ ከሥራ አልተመለሰም።

ልትፈልገው ወጣች። የሚሠራበት ፋብሪካ አጥር ጋ ስትደርስ የባሏ ሆትስፖት፣ ከስልኩ የሚወጣው ዋይፋይ፣ በስሙ ስልኳ ላይ ብቅ አለ። ስልክ ጠጋኙ ጎረቤቷ የህያ የጫነላት አፕ ከስሙ አጠገብ የሲግናሉን ጉልበት በቁጥር ያሳያል... አርባ አምስት።

«ጌታ ሆይ፣ እዚህ አለ!»

ሄደች። ስልሳ... ሰባ... ዘጠና። ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር የቀረበችው እየመሰላት ደስ አላት።

ከዚያ ስሙ ጠፋ። እስኪመሽ ብትዞር አላገኘችውም።

በማግስቱ ለየህያ ነገረችው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከቁጥሩ ፊት ሰረዝ አለች አይደል?»

«አዎ... ምንድናት?»

«ከዜሮ በታች ማለት ነው። ዘጠና ሩቅ ነው። አርባ አምስት አጠገብሽ ነው። ሠላሳ ከሆነ ስልኮቹ ሊነካኩ ነው።»

«እና ትናንት...»

«እየራቅሽው ነበር፣ እህቴ።»

ሮጡ። አጥሩ ሥር ካለው ቦይ ውስጥ አገኙት። እግሩ ተሰብሯል፤ ሰውነቱ ቀዝቅዟል። ለመውጣት ሲቧጥጥ ጥፍሮቹ ውስጥ ጭቃ ገብቷል።

ትናንት በሕይወት ነበር። እስከ ዛሬ አንጀቷን የሚበላት ይህ ነው።

የህያ ስልኩን ከሕዝቅያስ ኪስ አወጣው። ጠፍቷል። ውሃ ገብቶበት ባትሪው አብጧል።

ያኔ የእሷ ስልክ ላይ ስሙ ብቅ አለ... አርባ።

«የህያ... ስልኩ እኮ እጅህ ላይ ነው!»

«ዝም በይ... ያ አላህ...»

አምሳ... ስልሳ... ሰባ። ሰው በእግሩ የሚሄደውን ያህል፣ ቀስ እያለ ይርቃል።

ቀና ብላ መንገዱን አየች። ማንም የለም።

«ሕዝቅያስ! ጥለኸኝ አትሂድ!»

ዘጠና ላይ ቆመ።

ቆየ...

ከዚያ ሰማንያ። ስልሳ። አርባ።

«ሩጪ!» አለ የህያ በሹክሹክታ። እሱ ራሱ ግን አጥሩን ይዞ ቆመ።

ተስፋነሽ አልሮጠችም። እንባዋ እየወረደ ባዶው መንገድ ላይ እጇን ዘረጋች።

ሠላሳ።

የህያ እያየ፣ የሆነ ሰው እንደያዛት ሁሉ ጣቶቿ ቀስ ብለው ተጨበጡ።