ጀልበኛው የጠጣው ጽዋ

እትዬ ላንፊን ጀልባው ውስጥ ሞተው ሳለ ሰው እያጨበጨበላቸው ነበር።

ጀልባው ከቀርከሃና ከሰማያዊ ጨርቅ የተሠራ የመድረክ ጀልባ ነው። ላንፊን ጀልበኛውን ሆነው ጽዋውን ጠጡ፣ ሁለት ዜማ ዘፈኑ፣ ከዚያ ድርሰቱ እንደሚያዘው ጋደም አሉ። ሙሽራዋን የምትጫወተው ታንግ ዪቲንግ አጠገባቸው ተንበርክካ ረጅሙን የለቅሶ ዜማ ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባት። በመጨረሻ እጃቸውን ብታነሳው መልሶ ወደቀ። ዪቲንግ የትወና ብቃታቸው መሰላትና ሁለት ስንኝ ጨመረች። ለነዚያ ሁለት ስንኞች ራሷን ይቅር ብላ አታውቅም።

መርማሪ ሼን ትርኢቱ ወደታየበት ሻይ ቤት የደረሰችው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። አጠር ያለች፣ ኪሷ ውስጥ የሱፍ ፍሬ የማይጠፋ፣ ሃምሳን የተሻገረች ሴት ናት። የሰሜን ሰው ስለሆነች በዚህች የቦይ ከተማ ሃያ ዓመት ኖራም የአገሩን ኦፔራ አልለመደችውም። ሬሳውን አየች፣ ጽዋውን አሸገች፣ ተመልካቹን አሰናበተች። ከዚያ በትርኢቱ ቀን ከመጋረጃው ጀርባ የገቡትን ሦስት ሰዎች ብቻ አስቀርታ ከፊት ረድፍ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ታሪኩን ንገሩኝ» አለች። «የሟቿን አይደለም። ተረቱን።»

የነገረቻት ዪቲንግ ናት። አንድ ጀልበኛ ከሐይቅ ጭጋግ የተሠራች ሴት ያገባል። እናቱ ምራቷን አልወድ ትልና የስንብት ጽዋ ትቀምምላታለች፤ ጽዋውን የጠጣ ጭጋግ ሆኖ ይበናል። በጥንቱ ድርሰት የምትጠጣው ሙሽራዋ ናት፤ ጀልበኛው ዳር ላይ ቆሞ ስሟን ሲጣራ ይቀራል። ይኸው ታሪክ በጥላ አሻንጉሊት፣ በቴሌቪዥን፣ በሥዕል መጽሐፍ፣ በስልክ ጨዋታ ሳይቀር ተሠርቷል፤ ወዳጆቹም የትኛው እንደሚበልጥ ሲከራከሩ እስከ መኳረፍ ይደርሳሉ። ዪቲንግ ደግሞ የራሷን ጻፈች። በእሷ ድርሰት ጀልበኛው ጽዋውን ከሙሽራዋ እጅ ነጥቆ ራሱ ይጠጣዋል። ማስታወቂያው ላይ «አዲስ አቀራረብ» ከማለት በቀር ምኑ እንደተለወጠ አልተነገረም። ከሃንግዡ ከተማ በባቡር የመጡት ልጃገረዶች ጭጋግ የሚመስል ሻርፕ ለብሰው አዳራሹን የሞሉት ይህንኑ ሊያዩ ነበር።

«ታሪኩን ነካሽው» አሏት ጋሼ ኮንግ፣ የሻይ ቤቱ ባለቤትና የቡድኑ ከበሮ መቺ። «እሱም መልሶ ነካን።»

ዪቲንግም እንደዚያው ነበር የምታስበው።

ሼን ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አዲሱን ድርሰት ይጠሉታል ማለት ነው?»

«ሲበዛ። ዛሬ ጠዋት ልምምድ ላይ ላንፊን ጽዋውን ስትነጥቅ ባየሁ ጊዜ ከበሮዬን ጥዬ ልሄድ ነበር።»

«ለምን አልሄዱም?»

«ለመነችኝ። ላንፊን ለምናው እምቢ ያለ ሰው ካለ እስቲ አምጪልኝ።»

ጽዋው ለምን ባዶ እንዳልነበረም ጠየቀቻቸው። ትልልቆቹ ቲያትር ቤቶች በባዶ ጽዋ ነው የሚጫወቱት አሉ ኮንግ፤ የነሱ ቡድን ግን የወዳጆች ስብስብ ነው፣ ከጽዋው በኋላ የሚመጣው ዜማ ደግሞ ጉሮሮ ያደርቃል። ስለዚህ ለጉሮሮ የሚሆን ሻይ ያፈላሉ። ጽዋውን ሞልተው ከመጋረጃው ጀርባ ያስቀምጡታል፤ እስከ ሦስተኛው ክፍል ድረስ እዚያው ይቆያል።

ሦስተኛዋ እትዬ ፔይሁዋ ነበሩ። በዚህ አገር ኦፔራ ወንዱንም የምትጫወተው ሴት ናት፤ ላንፊን ጀልበኛ፣ ፔይሁዋ ሙሽራ ሆነው ሠላሳ ዓመት አብረው ዘፍነዋል። የሠፈሩ ሰው ባልና ሚስቱ እያለ ይቀልድባቸው ነበር። ዓምና የፔይሁዋ ድምፅ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ተሰነጠቀና ቡድኑ ሚናውን ለዪቲንግ ሰጣት። ከዚያ ወዲህ ልምምድ አልመጡም። ትርኢት በሚኖርበት ቀን ግን ይመጡና ከመጋረጃው ጀርባ የዪቲንግን ፀጉር ይሠራሉ። ዛሬም ሠርተውላታል።

«ላንፊንን የሚጠላ ሰው ነበር?» አለቻቸው ሼን።

«የለም።»

«እርስዎስ?»

«ከባሌ ጋር ከኖርኩት ይልቅ ከላንፊን ጋር የኖርኩት ይበልጣል።»

«ትርኢቱን የት ሆነው ነው ያዩት?»

«አንቺ የተቀመጥሽበት ወንበር ላይ።»

ሼን ተነስታ ሌላ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የምርመራው ውጤት በሦስተኛው ቀን መጣ። ጽዋው ውስጥ የተፈጨ የእንቅልፍ ክኒን ተገኝቷል። ለጤነኛ ሰው ከባድ እንቅልፍ ነው፤ ላንፊን ከሚወስዱት የልብ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ግን ትንፋሻቸውን አቆመው። ክኒኑ ማንንም አያስይዝም፤ ኮንግም ፔይሁዋም ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር።

ዪቲንግ በነዚያ ሦስት ቀናት እህል አልቀመሰችም። ትርኢቱን በስልኩ የቀረጸው ሰው ሁሉ በኢንተርኔት በትኖት ኖሮ ሚሊዮን ሰው አይቶታል። ከሁሉ የበለጠው ጀልበኛ ይህ ነው፣ እንዲህ ያለ አሟሟት በየትኛውም ሥራ አልታየም እያለ የሚያደንቀው ብዙ ነው። ሐዘኑን ሊገልጽ የመጣው ደግሞ ሻይ የሞላ ጽዋ እያመጣ የሻይ ቤቱ ደረጃ ላይ ይደረድራል። ዪቲንግ ይህን ማየት ሲያቅታት ወደ ሼን ቢሮ ሄደች።

«እትዬ ላንፊንን የገደልኳቸው እኔ ነኝ» አለች።

«በምን?»

«በድርሰቴ። እንደ ጥንቱ ብተወው ኖሮ እሳቸው አይጠጡትም ነበር። ሙሽራዋ ነበረች የምትጠጣው።» እዚህ ላይ ቆመች።

«ጨርሺው» አለች ሼን የሱፍ ፍሬዋን እየፈለፈለች።

«እኔ ነበርኩ የምጠጣው።»

«አዎ። አሁን ገና ወደ ነገሩ መጣሽ። ሌላስ የደበቅሽኝ ነገር አለ?»

ነበር። ዪቲንግ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ሼን ሦስቱንም ሻይ ቤቱ ሰበሰበቻቸው። የቀርከሃው ጀልባ እንደነበረ አለ። ውጭ፣ ደረጃው ላይ፣ ልጃገረዶቹ ጽዋ ሲያስቀምጡ ይሰማል።

«እኔ ኦፔራ ሲጀመር እንቅልፌ ይመጣል» ብላ ጀመረች። «ስለዚህ ዜማውን ትቼ ሻዩን አየሁ። ጽዋው ውስጥ የቀረው ሻይ ከክኒኑ ሌላ ብዙ ስኳር ነበረበት። ጋሼ ኮንግ፣ እርስዎ ስኳር ጨምረዋል?»

«ላንፊን የስኳር በሽተኛ ናት እኮ። ስንት ዓመት ሻይ ሳፈላላት ስኳር አስነክቼው አላውቅም።»

«ፔርሙስዎ ውስጥ የተረፈውም ስኳር የለበትም፤ አስመርምሬዋለሁ። ስለዚህ ክኒኑን የጨመረው ሰው መራራነቱን ለመሸፈን ስኳር ጨምሯል። ላንፊን ስኳር እንደማይነኩ እናንተ ሦስታችሁም ታውቃላችሁ። በጣፋጭ ሻይ ላንፊንን ለመያዝ የሚያስብ ሰው ከእናንተ መካከል የለም፤ አንድ ጊዜ ቀምሰው ሊተፉት ይችላሉ። አልተፉትም፣ ምክንያቱም መድረክ ላይ ነበሩ። ክኒኑን ያስቀመጠው ግን ይህን አላሰበም። ያሰበው ጣፋጭ የምትወድ ሌላ ሰው እንደምትጠጣው ነው።» ዪቲንግን አየቻት። «ሙሽራዋ።»

ኮንግ ወንበራቸውን ወደ ዪቲንግ አስጠጉ።

«አሁን የሚቀረው ቀላል ነው። ጀልበኛው እንደሚጠጣ ጋሼ ኮንግ ጠዋት ልምምድ ላይ አይተዋል። ዪቲንግ ራሷ ናት የጻፈችው። ሟቿም ያውቁ ነበር። ጥንታዊውን ድርሰት ብቻ የሚያውቅ፣ ልምምድ ያልመጣ፣ ፀጉር ሊሠራ ብሎ ከጽዋው አጠገብ የቆመ አንድ ሰው ነው ያለው።»

ፔይሁዋ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ እንዳደረጉ ነበሩ። አልካዱም።

ሼን የዪቲንግን ስልክ ከፈተች። ከመድረኩ ጥግ ተደግፎ የቀረጸው ቪዲዮ መድረኩን አያሳይም። የመጀመሪያውን ረድፍ ነው የሚያሳየው፤ መሃል ላይ ፔይሁዋ ተቀምጠዋል። ጀልበኛው ጽዋውን ሲነጥቅ አዳራሹ በደስታ ይናጣል፤ ፔይሁዋ ግን ብድግ ብለው እጃቸውን ይዘረጋሉ። ከኋላ ያሉት ልጃገረዶች ለጥንቱ ድርሰት የተቆጩ መስሏቸው ይስቃሉ። ከዚያ ፔይሁዋ ቀስ ብለው ይቀመጣሉ። እስከ መጨረሻው አልተነሱም።

«እንድትሞት አልነበረም» አሉ ፔይሁዋ። «ማንም እንዲሞት አልነበረም። ይቺ ልጅ መድረክ ላይ እንድታዛጋ ነበር። ዜማው እንዲጠፋባት፣ ሰው እንዲስቅባት፣ ከዚያ ላንፊን ዞር ብላ እኔን እንድታየኝ።»

«ከተነሱ በኋላ ለምን ተቀመጡ?»

«ብጮህ ምን እንዳደረግሁ ሰው ሁሉ ያውቃል። ቢበዛ ትተኛለች አልኩ። የምትተኛው ጀልባው ውስጥ ነው፣ ማንም አያውቅም አልኩ። የልብ መድኃኒቷን በየወሩ የማመጣላት እኔ ነኝ። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ደረቷን ሳይ ነበር። ደረቷ መንቀሳቀስ ሲያቆም አይቻለሁ። ያኔም አልጮህኩም።»

ሼን ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። ከላንፊን እጅጌ ውስጥ የተገኘ ነው፤ የመጨረሻው ዜማ። ጀልበኛው ጭጋግ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አልፎታል፤ ያረጀችው ሙሽራ ዳር ላይ ቆማ ትዘፍናለች። ከግጥሙ በላይ በላንፊን የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ተጽፏል፦ «ዪቲንግ ከመድረክ ትወርዳለች። ፔይሁዋን ከፊት ረድፍ እጇን ይዛ ታወጣታለች። ይህን ዜማ ከእሷ በቀር ማንም አይዘፍነውም።»

ፔይሁዋ መነጽራቸውን ፈልገው ወረቀቱን አነበቡት። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር።

«ዝቅ ያለ ነው» አሉ።

«ዝቅ ያደረግሁት እኔ ነኝ» አሉ ኮንግ። «ከፍ ያለ ቦታ እንዳይኖረው ብላ ለመነችኝ። ድምፅሽ እንዳይሰነጠቅ።»

«ይኼ ስንኝ ጋ ትንፋሽ አይበቃም። ላንፊን ሁሌ እዚህ ጋ ትሳሳታለች። እዚህ ጋ ነው ሙሽራዋ ማረፍ ያለባት» ብለው ፔይሁዋ በጣታቸው አሳዩ፤ ኮንግ ሳያስቡት ምቱን ጠረጴዛው ላይ መቱላቸው። ከዚያ ፔይሁዋ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ አድርገው ጮክ ብለው አለቀሱ።

ዪቲንግ ዝም ልትል ትችል ነበር። ሼንም አልጠየቀቻትም። ግን ተናገረች።

«እትዬ፣ እትዬ ላንፊን የትርኢቱ ቀን ጠዋት ሊነግሩዎት ነበር። ልምምዱ እንዳለቀ ልደውልላት አሉ። የከለከልኳቸው እኔ ነኝ። ወደ መድረኩ ሲጠሩ ፊትዎን በስልክ ልቀርጸው ፈልጌ ነበር። ሰው ይወደዋል ብዬ።»

ፔይሁዋ ቀና ብለው አዩዋት። ሲወጡ፣ በልማድ ይሁን በሌላ፣ ከፀጉሯ የወጣውን ጌጥ መልሰው ሰኩላት።

ዪቲንግ ሼንን ተከትላ እስከ በሩ ሄደች። «እኔስ ምን ልሁን?» አለቻት።

«ሕጉ አንቺን አይፈልግሽም» አለች መርማሪዋ። «የቀረውን እኔ አላውቅም።»

ፔይሁዋን የጫነው የፖሊስ መኪና ከሄደ በኋላ ዪቲንግ ደረጃው ላይ ብቻዋን ቀረች። ጽዋዎቹ ከበሩ እስከ ቦዩ ዳር ድረስ ተደርድረዋል፤ ሁሉም ሻይ ሞልተዋል፣ አንዳንዶቹ ገና ይሞቃሉ። ሻርፕ የለበሰች አንዲት ልጅ ሌላ ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል አወቀቻትና አዲሱን ድርሰት እንዴት እንደወደደችው ልትነግራት ጀመረች። ዪቲንግ ጽዋውን ከእጇ ተቀበለቻት። ወደ ውኃው ዳር ወርዳ ደፋችው። ከዚያ ተመልሳ ሁለተኛውን አነሳች፣ ሦስተኛውን፣ እስከ መጨረሻው ድረስ፣ እያንዳንዱን ባዶ አድርጋ ወደ ቦታው መለሰችው።