ከቪሊኬሳ አንገት የጠፋው መታወቂያ

ቪሊኬሳ ከጓሮው ደረጃ ሥር ተደፍቶ፣ ሞቶ ተገኘ። በፊጂዋ ከተማ በሱቫ እሁድ ጠዋት ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው። ይሄ ጉረኛ የተማሪ መታወቂያውን ሲተኛ እንኳ አያወልቅም ነበር፤ አሁን አንገቱ ላይ የቀረው የተበጠሰ ማንገቻ ብቻ።

መጀመሪያ የደረሰው የቤት ጓደኛው ሲኬሊ ነው። ሸሚዙ በደም ስለተነከረ ፖሊሶቹ ካቴና አስገቡለት።

«ላነሳው ብዬ ነው እኮ!» ይላል እየተንሰቀሰቀ።

«ዝም በል፣ ንፍጥህን ጥረግ» አለችው ኢንስፔክተር ማካሬታ፣ ማንጎዋን እየጋጠች። ከዚያ እዚያው ቤት ወደምትኖረው ተማሪ ወደ ሊቲያ ዞረች። «አንቺስ?»

«ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ካርዱ አንገቱ ላይ ነበር፣ እትዬ። ፍቅረኛዬን አፔኒሳን ሊያበግነው ያወዛውዝበታል። ከቪሊኬሳ ጋር ሳጠና አፔኒሳ በቅናት ያብዳል። ዛሬ ግን ከአፔኒሳ ጋር ንድፍ ልሠራ ነበር።»

አፔኒሳ ሊቲያን እያየ መለሰ፦ «እኔ ጠዋቱን ሙሉ እዚሁ ክፍሌ ንድፍ ስሠራ ነበር። ማዳመጫ አድርጌ ምንም አልሰማሁም።»

«በየትኛው የኮምፒውተር ፕሮግራም?»

«ለተማሪ በርካሽ በሚሸጠው ነዋ!»

«የኔም ልጅ ያው ፕሮግራም አላት። ተማሪ መሆኗን በየዓመቱ ካላሳየች ይዘጋባታል። ኑ፣ ሁላችሁም ክፍሉ ግቡ። ኮምፒውተሩን ክፈተው!»

«ተበላሽቷል።»

«አሁን ስትሠራበት አልነበር? ክፈት አንተ!»

ተከፈተ። ቪሊኬሳ ጥርሱን አግጦ ከመታወቂያው ፎቶ ላይ ብቅ አለ። ከሥሩ በቀይ፦ «ማስረጃዎን አልተቀበልንም፤ ስሙ ከእርስዎ ስም ጋር አይገጥምም።»

ማካሬታ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች።

«ትምህርት አቁመሃል፤ ለዚህ ነው የተዘጋብህ። ሊቲያ ካወቀች ከቪሊኬሳ ጋር ትቀራለች ብለህ ደበቅካት። ካርዱን ስጠኝ አልከው፣ ሳቀብህ፣ ገፋኸው። ከዚያ እሷ ሳትመለስ ፕሮግራሙን ላስከፍት ብለህ ከሬሳ አንገት በጠስክ። የላክበት ሰዓት ያው ተጽፏል፤ ያኔ ሲኬሊ ከመዘምራኑ ጋር ይጮህ ነበር።»

«ሲኬሊ ከጎኔ ነበር» አለች ሊቲያ።

«ሞኝ!» አለችው ማካሬታ አፔኒሳን። «ተኝቼ ነበር ብትል ኖሮ ኮምፒውተርህን ማን ይነካው ነበር?»

አፔኒሳ አንገቱን ደፋ። «ሊቲያ አጠገቤ ቆማ ነበር። ተማሪ አይደለሁም ልበል?»

ካቴናው ከሲኬሊ ወልቆ ለሱ ገባ። ሊቲያ አልፋው ሄዳ የሲኬሊን በካቴናው የቆሰለ እጅ ታሽለት ጀመር።

«አንተ!» አለ አፔኒሳ ከበሩ ላይ እየተጎተተ። «እጇን ልቀቅ!»