ስኳር ያልቀመሱት አይጦች

ዶክተር መልካሙ በምርምር ማዕከሉ የአይጦች ክፍል ወለል ላይ ሞቶ የተገኘው ታጣቂዎቹ የመርሳ ከተማን ለቀው በወጡ በአሥራ አንደኛው ቀን ነው። የሻይ ብርጭቆው አጠገቡ ተደፍቷል። ሻዩን ያፈሉለት የግቢው ዘበኛ ጋሽ ጀብሪል ነበሩ። ኢንስፔክተር ሸዋዬ አንድ ቃል እንኳ ሳትጠይቃቸው በካቴና አስራ፣ በገበያው መሃል አሳልፋ ጣቢያ አስገባቻቸው። ሸዋዬ ብልህ ናት፤ ችግሯ እጇ ከጭንቅላቷ መቅደሙ ነው። ከተማው አንዴ «የጠላት ተላላኪ» ካላቸው በኋላ ደግሞ ሽማግሌው ለፍርድ ወደ ወልድያ ሲወሰዱ መንገድ ላይ ተገድለው ሊቀሩ ይችላሉ።

በማግሥቱ ተመልሳ ክፍሉን ስታይ አንድ ነገር ከነከናት። በቀኝ መደርደሪያ ያሉት አይጦች በሙሉ ሞተዋል። በግራ ያሉት፣ ጥግ ይዘው የተኮራመቱት ጎስቋሎች፣ አንዳቸውም አልሞቱም።

«እነዚህ ምን ሆነው ነው?» አለቻት የዶክተሩን ረዳት ኤደንን።

«የድብርት ጥናት ነው። ድብርት ከምን እንደሚመጣ ለማወቅ ሰውን ማስጨነቅ አይቻልም፤ ስለዚህ በአይጥ እናየዋለን። የግራዎቹ ለወራት ለየብቻ የተነጠሉ ናቸው። የመድፉን ድምፅ ሁሉም ሰምተዋል፤ እነዚህ ግን ብቻቸውን ነው የሰሙት። ከትናንት ወዲያ ማታ ዶክተር ለሁሉም ንጹሕ ውሃና ስኳር ውሃ አቀረበላቸው። ደኅናዎቹ ስኳሩን ይሻሙበታል። ድብርት የያዛቸው ግን ጣፋጭም ደስ አይላቸውም።»

ሸዋዬ ፊቷ ጋለ። ይህን ትናንት መጠየቅ ነበረባት።

«ከእናንተ መሃል ስኳር የማይወስድ አለ?»

«አማን፣ የመጋዘን ኃላፊያችን። ድሮ ለአንድ ሻይ ሦስት ማንኪያ ነበር። ከስደት ስንመለስ መራራውን ሲጠጣ አገኘነው፤ ሐዘን ነው ብለን ዝም አልነው።»

ከሰዓት በኋላ ጀብሪልን ከእስር አስመጥታ ከኤደንና ከአማን ጋር እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«መርዙ ሻዩም ውሃውም ላይ የተጨመረው ስኳር ውስጥ ነው» አለች። «ስኳር የጠጡት ሞቱ፤ ያልፈለጉት ተረፉ። ጋሽ ጀብሪል ከተማው በተያዘበት አራት ወር ከራሳቸው ምግብ እየቀነሱ ያኖሯቸውን አይጦች አይመርዙም። ኤደን ከዶክተሩ ጋር ስደት ላይ ነበረች። አማን፣ አንተ ግን እዚሁ ነበርክ፤ ስኳርም እርም ብለሃል። የመጋዘኑ የተባይ መርዝ በማን እጅ ነው?»

አማን አንገቱን ደፋ።

«ለታጣቂዎቹ ነበር። አባቴን ሲገርፉት አየሁ። እንዲዘርፉት ብዬ ስኳሩን መርዤ መጋዘኑ በር ላይ ተውኩት። ሲነጋ የለም፤ ወስደውታል አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስኳር ባየሁ ቁጥር ስንት የሰው ልጅ ገደልኩ እላለሁ። ዶክተር ሲሞት ነገሩ ገባኝ፤ መናገር ግን አፈርኩ።»

«እኚህ ሰው ሲታሰሩስ?»

«ያኔም አፈርኩ።»

«በር ላይ የነበረውን የስኳር ቆርቆሮ?» አሉ ጀብሪል ቀስ ብለው። «እሱንማ ያነሳሁት እኔ ነኝ። እንዳይዘርፉት ብዬ ለዶክተር ቀበርኩላቸው። እኔ እንኳ አልቀመስኩትም። ከትናንት ወዲያ ለሙከራው ስኳር ሲያጡ ቆፍሬ ሰጠኋቸው።»

ሸዋዬ የሽማግሌውን ቃል ጻፈች፤ ከዚያ ካቴናውን ፈታች። የተላጠ የእጅ አንጓቸውን ማየት አሳፈራት።

«ጋሽ ጀብሪል፣ አውፍ በሉኝ፣ ይቅር በሉኝ። ሳልጠይቅዎ አሰርኩዎ።»

«እሱስ ይሁን፣ ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «የዶክተር እናት ነገ ከሐራ ለለቅሶ ይመጣሉ። ስኳሩን ያቀበልኩት እኔ መሆኔን ብቻ አትንገሪብኝ።»

ሸዋዬ ግን ይህንኑ ቃላቸውን የያዘውን ወረቀት እንዲፈርሙበት ፊታቸው ዘርግታ ነበር።