ሰጠኝ የሞተበት ቃጠሎ

ሰጠኝ በሦስተኛው የነፋስ ፓምፕ ሥር በጀርባው ተጋድሟል። ዙሪያው ጠቁሯል። የጓሳው ሣር ነዶ መሬቱ የተላጨ ራስ መስሏል። በዚያ ጥቁር ሜዳ ላይ የቆሙት ሦስቱ የብረት ማማዎች ብቻ ናቸው። የሁለቱ መንኮራኩር ይዞራል። የሦስተኛው ቆሟል።

ጊዜው 1972 ዓ.ም.፣ የኅዳር መጨረሻ ነው። ዝናቡ ቶሎ ስላቆመ ሣሩ ቀድሞ ደርቋል። ቦታው ከኩልመስክ በላይ ያለው አስታ ሜዳ የሚባለው ደጋ ነው። እዚያ ከነፋስ በቀር የሚያናግር የለም። ሰጠኝ የፓምፖቹ ዘበኛ ነበር። ሚስት የለውም፣ ልጅ የለውም። ከድንጋይ ጎጆው ሆኖ ቢጣራ የሚሰማው ሰው የለም። ከሳምንት ሳምንት የሰው ድምፅ ሳይሰማ ይከርም ነበር።

መርማሪው ሃምሳ አለቃ ሙሉሃብት ከላሊበላ በበቅሎ ሲደርስ የገበሬ ማህበሩ ሊቀመንበር አረጋ ሮጦ ተቀበለው።

«ጓድ ሃምሳ አለቃ፣ በከንቱ ደከምክ። ገዳዩን ይዘናል።»

ወልደ ኪዳን የሚባል ንብ አርቢ እጁን ወደ ኋላ ታስሮ መሬት ላይ ተቀምጧል።

«ምን አጠፋ?»

«ትናንት ጠዋት ማር እቆርጣለሁ ብሎ እሳት ለቀቀ። የሕዝብ ፓምፕ ሊያወድም ነው። ዘበኛውንም አቃጠለው። ለወልዲያ አሳውቄያለሁ፣ ነገ መኪና ይወስደዋል።»

በዚያ ዘመን በዚህ ዓይነት ክስ ወልዲያ የተወሰደ ሰው አይመለስም። ወልደ ኪዳንም ያውቃል።

«ጌታዬ፣ ጭስ ይዤ ነበር፣ አልክድም። ቀፎዎቼ ግን እዚያ ገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው። ሄደው ይዩልኝ፣ ሌላ አልለምንም።»

ሙሉሃብት ሄዶ አየ። ከቀፎዎቹ እስከ ቃጠሎው ጫፍ ድረስ ደረቅ ጓሳ ሳይነካ ቆሟል። ነፋሱም ከፓምፖቹ ወደ ቀፎዎቹ ነው የሚነፍሰው። ወደ ፓምፖቹ ተመለሰ።

ሦስተኛው ፓምፕ ሥር አባስ ቆሟል። የጋሸና ሰው ነው። ፓምፕ ሲሰበር የሚጠግነው እሱ ነው።

«ይህን መንኮራኩር ያሰርከው አንተ ነህ?»

«ወላሂ አይደለሁም። ትናንት ጋሸና ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት በጭነት መኪና ነው የመጣሁት፣ ሾፌሩን ጠይቀው። ያሰረው ራሱ ሰጠኝ ይሆናል።»

«ለምን ያስረዋል?»

«በፓምፑ ዙሪያ ያለውን ሣር ቀድሞ ሲያቃጥል ነዋ! ጤዛው ሳይረግፍ፣ ነፋሱ ሳይነሳ በዙሪያው ቀለበት አድርጎ ያቃጥላል። በኋላ የሜዳ እሳት ቢመጣ እዚያ ሲደርስ የሚበላው ያጣል። መንኮራኩሩ ከዞረ ደግሞ ቅባት ያንጠባጥባል። ቅባት እሳት ላይ እንዳይወድቅ ያስረዋል።»

«ብቻውን ነው የሚያቃጥለው?»

አባስ ሳቀ። ሬሳው ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ።

«ሰጠኝ እብድ አልነበረም። አንዱ ይለኩሳል፣ አንዱ በእርጥብ የአስታ ቅርንጫፍ እየመታ ይከተላል። ብቻውን የሚለኩስ ሰው አገር ነው የሚያቃጥለው። እኔ ካለሁ ከኔ ጋር፣ ከሌለሁ ከአያ ገብረመስቀል ጋር ያቃጥላል። አንዳንዴም ሊቀመንበሩ ሰው ይሰጠዋል፣ ደስ ካለው።»

«ምላስህን ሰብስብ!» አለ አረጋ።

ገብረመስቀል የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። ከሬሳው ራስጌ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ተቀምጧል።

«ነፍስ ይማር» አለ ሙሉሃብት። «ትናንት ጠዋት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጭሱን አይቼ ከሰዉ ጋር ወጣሁ።»

«ወንድምዎን መቼ ነው ያዩት?»

«ከመስቀል ወዲህ አላየሁትም።»

«ተኳርፋችሁ ነበር?»

«የሣር ነገር። ለበሬዎቼ የምትሆን ትንሽ ሣር ተውልኝ አልኩት፣ እንቢ አለ። ወንድማማች ለዚህ አይጋደልም።»

ሙሉሃብት ሬሳው ላይ የተጣለውን ነጠላ ገለጠ። የማጅራቱ አጥንት ተሰብሯል። የማማው እግር ላይ ደም ደርቋል። ደረቱና ክንዱ ተቃጥሏል። እግሮቹ ግን ከፓምፑ የሚፈሰው ውሃ ያጨቀየው ጭቃ ውስጥ ስለነበሩ እሳት አልነካቸውም። በረባሶው ወልቆ ጎን ለጎን ተቀምጧል። ሙሉሃብት ጎንበስ ብሎ የእግሮቹን ጭቃ በጣቱ ጠረገ። ለረጅም ጊዜ ቀና አላለም።

ሲነሳ ሁሉንም ወደ ሬሳው ጠራቸው።

«ወልደ ኪዳን እሳቱን አልለኮሰም። እሱ ያለው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ነው። እሳቱ የተነሳው እዚሁ፣ ከዚህ ማማ ሥር ነው። መንኮራኩሩ ታስሯል፤ ስለዚህ ሰጠኝ ዙሪያውን እያቃጠለ ነበር። ይህን ደግሞ ብቻውን አያደርገውም። አብሮት ሰው ነበር። ያ ሰው ገፋው፣ ማጅራቱ ብረት መታ። የሚለኩስም የሚያጠፋም ሲጠፋ እሳቱ ሜዳውን ያዘ።»

«ወሬ ነው!» አለ አረጋ። «ማነው ያ ሰው?»

«በሕይወቱ የሚቃጠል ሰው ይንፈራገጣል። ይኼ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። ዓይኑ ተከድኗል። ጫማው ወልቋል። የሁለቱ እግሮቹ አውራ ጣቶችም አንድ ላይ ታስረዋል። ይህ ሰው ከእሳቱ በፊት ተገንዟል። ጠላቱን የሚገንዝ አላየሁም።»

አባስ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ሌሎቹ አልተንቀሳቀሱም።

«የገነዘው ሰው በእጁ ክር አልነበረውም። የአንገቱን ማተብ ፈትቶ አሰረበት። ላብ የጠገበ፣ አሮጌ ማተብ ነው። የሟቹ ማተብ አንገቱ ላይ አለ። እንግዲህ አንገታችሁን አሳዩኝ።»

«እኔ እስላም ነኝ» አለ አባስ።

አረጋ የካኪ ኮቱን ከፈት አደረገ። «እኔስ አብዮተኛ ነኝ! ያን ገመድ ከበጠስኩት ዓመት አልፎኛል። አገር ያውቃል።»

«አውቃለሁ። አንገትህ ላይ የክር ምልክት እንኳ የለም።»

የወልደ ኪዳን ማተብ በሰምና በጥላሸት ተለውሶ አንገቱ ላይ ተጣብቋል። ገብረመስቀል ጋቢውን አላወረደም። ሙሉሃብት ቀስ ብሎ ራሱ አወረደለት።

ማተቡ አለ። አዲስ ነው። ድርቅ ያለ ክር፣ ላብ ያልነካው፣ ጥላሸት ያልነካው።

«ትናንት ከአባስ በቀር ሁላችሁም እሳት ስታጠፉ ውላችኋል። ይህን ማተብ ያሰሩት ከዚያ በኋላ ነው፣ አያ ገብረመስቀል። አሮጌው የት ሄደ?»

ገብረመስቀል ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ይህቺን ጎን ሳታቃጥል ተውልኝ አልኩት። "እሳት ከመጣ ለበሬህ አይልም" አለኝ። ቅርንጫፉን ከእጄ ሲነጥቀኝ ገፋሁት። ብረቱን አላየሁም። ስጠራው ዝም አለ። በዚህ ነፋስ ሜዳ ላይ እንዲሁ ጥዬው ልሂድ? ማንስ ይገንዘው? ቀና ስል እሳቱ አምልጧል።»

አረጋ የወልደ ኪዳንን ገመድ ፈታና ይዞ ወደ ገብረመስቀል መጣ። ሙሉሃብት ከለከለው። «መጀመሪያ ይቀብር። ከዚያ እኔ ላሊበላ እወስደዋለሁ።»

ወልደ ኪዳን የእጁን አንጓ እያሻሸ ገብረመስቀል ፊት ቆመ።

«ነገ መኪናው ሲመጣ ትናገር ነበር?»

ገብረመስቀል አንገቱን ደፋ። «ዝም እል ነበር።»

ቃሬዛው ሲዘጋጅ የሚሸከም ሰው አነሰ። ሃምሳ አለቃው በቅሎውን ስለሚስብ አራተኛ ጠፋ። ወልደ ኪዳን ወደ ቀፎዎቹ ጥቂት ከተራመደ በኋላ ቆመ። ተመልሶ መጣና የኋላውን እንጨት ያዘ።

«አንተ ከፊት ሁን» አለው ገብረመስቀልን። «ከኋላዬ እንድትሄድ አልፈልግም።»