የአደራው ጄል

የቤተ ሙከራው ባልደረቦች ረዳታቸውን «ቀስ በል» እያሉ ይጠሩታል። ብርጭቆ ሲያጥብ እንኳ ሕፃን የሚያጥብ ይመስላል። ታዲያ አዲሷ ተመራማሪ በመጣችበት ቀን በሩ ላይ ተጋጩና የያዘውን ውሃ ነጭ ጋዋኗ ላይ ደፋባት።

«ቀስ በል የሚሉት አንተን ነው?» ብላ ሳቀች። ልቡ ያኔውኑ አብሯት ሄደ።

ሥራዋ የፋብሪካን ጭስ መርዙን የሚያጠፋ ካታሊስት የተባለ ንጥረ ነገር መሥራት ነበር። የኬሚካል ፈሳሽ በጥብጣ አሲድ ጠብ ታደርግበታለች፤ ሲውል ሲያድር እንደ እርጎ ይረጋል። ካታሊስት እንዲሆን የረጋው ጄል ቀዳዳ ባለው ክዳን ተሸፍኖ ማድረቂያ ምድጃ ውስጥ በለስላሳ ሙቀት መድረቅ አለበት። ክዳኑ ተነስቶ ከተቸኮለ ዓይን የማያያቸው የውስጥ ቀዳዳዎቹ ይደረመሳሉ፤ ጭሱም መግቢያ ያጣል።

ምሳቸውን እዚያው ማድረቂያው አጠገብ ይበሉ ነበር። አንዳንዴ ከምሳዋ ጠቅልላ ታጎርሰዋለች።

አባቷ ሲሞቱ ታናናሾቿ እሷ ላይ ወደቁ። ካታሊስቱ ከሠራ ሩቅ ያለ ፋብሪካ ሊቀጥራት ቃል ገብቷል። የእሱ እናት ደግሞ የአልጋ ቁራኛ ናቸው፤ ከእሱ ሌላ ውሃ የሚያቀብላቸው የለም። ከሠራ ትሄዳለች፤ ካልሠራ እሱ ዘንድ ትቀራለች።

ቤተሰቦቿን ልታጽናና ስትሄድ፣ «ጄሉን አደራ፤ ክዳኑን እንዳትነካብኝ» አለችው።

«አልነካም።»

ብቻውን ሲቀር ማድረቂያውን ከፈተ። እጁ ክዳኑ ላይ አረፈ። ቢያነሳው ማን ያውቃል? በራሱ ተበላሸ ይባላል፣ አለቀ። ትንሿ እህቷ በስልክ «እትዬ፣ መቼ ነው የምትወስጂን?» ስትላት የሰማው ትዝ አለው። እጁን ሰበሰበና ማድረቂያውን ዘጋ። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ጄሉ በደህና ደረቀ፤ በከፍተኛ ሙቀት ግሎም ፍተሻውን አለፈ። ሁሉም አጨበጨበላት። የሚወስዳት መኪና ደጅ ቆሞ ሳለ እሱ ወዳለበት መጣች።

«እውነቱን ንገረኝ። እንዲበላሽ ተመኝተህ ነበር?»

አንገቱን ደፋ። «አዎ። ላነሳው ትንሽ ነበር የቀረኝ።»

ዓይኖቿ እንባ ሞሉ፤ እጁን ያዘች።

«ሌላ ሰው ጠፍቶ መሰለህ ለአንተ አደራ የሰጠሁት?» አለችው። «እኔስ ታናናሾቼን መበደል አልሆነልኝም። አንተ ግን ታነሳውና እቀርልህ ይሆናል ብዬ ነበር።»

ደጅ ያለው መኪና ጡሩምባውን ነፋ፤ እጁን ለቃ ወጣች።