ፎልከርን ያዘልኩበት ቁልቁለት

ፎልከርን ያወቅኩት ጣሪያችን ሲያፈስ ነው። ጣሪያችን ስል፣ ከከተማው በላይ ኮረብታው ላይ ያለው የድሮ መሳፍንት ግንብ ጣሪያ። ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ከጀርመን ምሥራቅ የተባረርነውን ስደተኞች እዚያ አጎሩን። ዳቦ ልገዛ ወደ ኤሽንበርግ ስወርድ የከተማው ሰው «ልዕልቲቱ መጣች» እያለ ይስቅብኛል።

ፎልከር ጣሪያ ሠሪ ነበር። በአንድ ቀን የሚያልቀውን ሥራ ሳምንት አስረዘመው። መሰላሉ ላይ ሆኖ ያየኛል፤ ቀና ስል ምስማር የጠፋበት ይመስላል።

እናቱ ወይዘሮ ኢርምጋርድ መዋደዳችንን ስትሰማ፣ ስደተኛ ደጄን አትረግጥም አለች። እሱ ግን ለበጋው በዓል በጀርባሽ እዘይኝ አለኝ።

ድሮ አንድ ንጉሥ ግንቡን ከበበ። ወንዶቹን ሊፈጅ ሲል ሴቶቹን፣ በጀርባችሁ የቻላችሁትን ይዛችሁ ውጡ አላቸው። ባሎቻቸውን አዝለው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በየበጋው፣ የምታገባ ልጅ እጮኛዋን ከግንቡ በር እስከ ገበያው ምንጭ አዝላ ትወርዳለች። ካደረሰችው ጋብቻውን እናትም ከንቲባም አያስቀሩትም። መንገድ ላይ እግሩ መሬት ከነካ ግን ጋብቻው ቀረ፤ ድጋሚ የለም።

«ትችይኛለሽ?» አለኝ።

«ስንት ጆንያ ድንች ተሸክሜያለሁ።»

«ድንች ዝም ይላል። እኔ እዘፍናለሁ።»

አዘልኩት። ዘፈነም፤ ድምፁ አያምርም። ቤተክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ክብደቱ ጠናብኝና ወደ ላይ ገፋ አድርጌ አስተካከልኩት። ምንጩ ግን ታየኝ፤ ጥቂት እርምጃ ነው የቀረን።

ወይዘሮ ኢርምጋርድ ምንጩ አጠገብ ቆማለች። ልጇ የሞተባት ይመስል የለቅሶ ልብሷን ለብሳለች። ልጇን ትክ ብላ አየችው።

ዘፈኑ ቆመ።

ከዚያ አንድ እግሩን ቀስ ብሎ ከክንዴ አስለቀቀና መሬት ላይ አሳረፈ። ራሱ። እኔ ሌላውን እግሩን ጥብቅ አድርጌ እንደያዝኩ ነበር።

ሰዉ «ጣለችው» አለ። አንዷ፣ ተርባ ያደገች ከየት ጉልበት ታመጣለች ብላ ሳቀች።

«ፎልከር፣ ንገራቸው» አልኩት።

አየኝ። ከዚያ ወደ ሰዉ ዞረ።

«ደክሟት ነው፤ አትፍረዱባት» አለ፣ ያዘነልኝ መስሎ።

ወደ እናቱ ሄደ። ኮቱን አራገፈችለት፤ እጄ የነካውን ቦታ ሁሉ።

የቀረውን መንገድ ብቻዬን ወረድኩት። ሰው ገለል እያለ አሳለፈኝ። ምንጩ ጋ ፊቴን ታጠብኩ። ጀርባዬን ውሃ አላስነካሁትም፤ የፎልከር ላብ ገና አልደረቀበትም ነበር።