«ወይ» ያለኝ ማሽን

እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር አምኜ አላውቅም፣ እናቴ ላፕቶፔ ላይ ጸበል ልትረጭ ስትል «ኧረ እማዬ፣ ይቃጠላል!» እያልኩ የምስቅ ሰው ነኝ፣ ማሽን ከታመመ ሙቀት ነው፣ አቧራ ነው፣ ካልሆነም መብራት ነው፤ ይህንን ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ በሳቅ ነበር የምሞተው።

ጎንደር ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ክላስተር አስተዳድራለሁ፣ ብዙ ኮምፒውተሮች ተያይዘው አንድ ከባድ ስሌት የሚካፈሉበት ነው፣ ደቦ በሉት። ማሽኖቹን በአካባቢያችን ከተሞች ስም ሰይሜያቸዋለሁ፣ በየስማቸው የምትጠራቸው ትንሽ ፕሮግራምም ጽፌያለሁ፣ ደህና የሆነው ስክሪኑ ላይ «አቤት» ይላል፣ ዝም ያለው ታሟል ማለት ነው። ትክል ድንጋይ ያልኩት ማሽን ከተቃጠለ ሰንብቷል፣ ገመዱን ነቅዬ ጥግ ላይ ትቼዋለሁ፣ እንደ ስሙ ተተክሎ ቀረ እያልን እንስቅበታለን፣ ስሙን ከፕሮግራሙ ማውጣት ግን ሰነፍኩ።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ መብራት ሄደ። ሰብለ አጠገቤ ነበረች፣ ለዶክትሬቷ የወንዞችን ሙላት የምታሰላ ልጅ ናት፣ ሳምንታት የፈጀ ስሌቷ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል፣ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው፣ የማስረከቢያዋ ቀን ደግሞ ደርሷል። ጀነሬተሩ አልነሳ አለ፣ ማሽኖቹን ለጊዜው የያዘው ባትሪ ሊያልቅ ነው እያለ ይጮኻል። የትኛው ማሽን እንዳለ ለማየት ስም መጥራት ጀመርኩ። ዳባት፣ አቤት። ማክሰኝት፣ አቤት። ትክል ድንጋይ?

«ወይ»።

«ምነው፣ ታላቅህ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች ሰብለ፣ የቀለድኩባት መስሏት። ፕሮግራሙን ከፍቼ አሳየኋት፣ ያለው «አቤት» ብቻ ነው፣ «ወይ» የሚል ቃል እኔ አልጻፍኩም፤ ደግሞስ ወይ የሚለው ታናሹ የጠራው ታላቅ አይደል?

ሳቋ ቆመ። ወደ ጥጉ ሄድን፣ ገመዱ እንደነቀልኩት ወለሉ ላይ ተጠቅልሏል። ሰብለ ሳጥኑን በመዳፏ ይዛ «በናትህ፣ የኔን አድንልኝ» አለች፣ ከኋላዋ የቆምኩት እኔ ስለሆንኩ «እሞክራለሁ» አልኳት። ወዲያው ባትሪው አለቀ፣ ማሽኖቹ በሙሉ ዝም አሉ፣ ቀጥሎ ከዚያው ሳጥን ውስጥ የማራገቢያ ድምፅ፣ ሽው፣ ሽው፣ እመኑኝ፣ ሁለታችንም ሰምተነዋል። ዝናቡ ነው እንዳልል እጄን ባስጠጋው ብረቱ ይሞቃል!

መብራት ሲመጣ ድምፁ ጠፋ። የሰብለን ሥራ ስንከፍት አልቋል፣ እስከ መጨረሻው ተሰልቶ የጋራ ማከማቻው ላይ ተቀምጧል፣ «ያጠናቀቀው» በሚለው ቦታ ትክል ድንጋይ ይላል።

«ላስረክበው?» አለችኝ። ምን ልበላት? ቁጥሮቹ ሸጋ ናቸው፣ ማን እንዳሰላቸው ግን አላውቅም። አስረከበችው፣ ዶክተርም ሆነች። አንድ ቀን ፒያሳ ማኪያቶ እየጠጣን «ያን ቀን የለመንሽው እኔን ነበር አይደል?» ብላት ትክ ብላ አየችኝ።

«አንተማ ምን ልታደርግልኝ ትችል ነበር?»

ማሽኑን ወደ መጋዘን አስወጣሁት፣ ስሙንም አጠፋሁት። ግን ግራ ገብቶኛል፣ እኔ ስጠራው ወይ ያለኝ ነገር አንድ ቀን እሱ ቢጠራኝ አቤት ማለት የኔ ተራ ነው፣ ለዚህ ነው አሁን በመንገድ ላይ ከኋላዬ ስሜን ስሰማ፣ ጠሪውን ሳላይ አፌን የማልከፍተው።